ለልጆቻችን ዓይን ያለ ማዘዣ ስለሚሸጠው ጠብታ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር፣
ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣
በየከተማው መድኃኒት ለምታድሉ ባለሙያዎች

ጉዳዩ፦ ስቴሮይድ የሚባል፣ የተቆጣ ዓይንን የሚያበርድ መድኃኒት ያለባቸውን የዓይን ጠብታዎች ሽያጭና ክትትል ይመለከታል

የተከበራችሁ ሆይ፣

አዳማ ውስጥ የምኖር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ዘንድሮ 11 ዓመት የሞላው ልጅ አለኝ። በቀኝ ዓይኑ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት በቀር አያይም። የያዘው በሽታ ብቻውን ቢሆን ኖሮ፣ ሐኪሞቹ እንደነገሩኝ፣ ለአቅመ አዳም ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የሚበርድ ነበር። ዓይኑን ያሳጣው ወደ ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከመድኃኒት ቤት እየገዛን የጨመርንለት ጠብታ ነው።

ነገሩ የጀመረው ስድስት ዓመቱ ላይ ነው። በጋው ሲገባ ዓይኑን ማሸት አበዛ። የአዳማን በጋ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ነፋሱ አቧራውን እየጠቀለለ ከሰፈር ሰፈር ያዞረዋል። ልጁ ጠዋት ሲነሳ ሽፋሽፍቱ ላይ እንደ ክር የሚሳብ ነጭ ዓይናር ይገኛል። ፀሐይ ላይ ሲወጣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። የዓይኑ ነጭ በጥቁሩ ዙሪያ እየደፈረሰ ቡናማ መሰለ። አያቱ ምች ነው ብለው ዳማ ከሴ አሹለት። እኔ የተማርኩ ነኝ ብዬ መድኃኒት ቤት ወሰድኩት።

ከባንኮኒው ጀርባ የነበረው ባለሙያ ልጁን በሩቁ አየና «አለርጂ ነው፣ ይህ ያሽለዋል» ብሎ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ሰጠን። በቀን ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ጠብታ። ለስንት ቀን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በሁለተኛው ቀን ማሳከኩ ቆመ። በአራተኛው ቀን የልጄ ዓይን ነጥቶ፣ ልጁም ቀና ብሎ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ሲጫወት ሳየው ያንን ባለሙያ መረቅኩት። ጠብታው ሲያልቅ ግን ማሳከኩ ተመለሰ። እንደገና ገዛን። እንደገና ተሻለው። እንዲህ እያለ ወር ወርን ወለደ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ለመጻፍ እጄ ይከብደዋል። ልጁ ስምንት ዓመት ሲሞላው ብልቃጡን እንዲያመጣ ራሱን እልከው ነበር። ባዶውን ብልቃጥ በአንድ እጁ፣ ብሩን በሌላው ይዞ ይሄዳል፤ ባዶውን ያሳያል፤ አዲሱን ይዞ ይመጣል። የስምንት ዓመት ሕፃን፣ በሐኪም ማዘዣ ብቻ መሸጥ ያለበትን መድኃኒት፣ ማንም አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቀው ገዝቶ ይመለሳል። እኔ አባቱም አንድ ቀን እንኳ ወረቀቱን ዘርግቼ አላነበብኩም። ብልቃጡ ላይ «ዴክሳሜታዞን» የሚለውን የስቴሮይድ ስም አይቼዋለሁ፤ አጠገቡ ያለው «ኒዮማይሲን» የሚለው ስም ግን ጸረ ተሕዋስያን መሆኑን ስለማውቅ ልቤን አሳረፈው። ኢንፌክሽን የሚከላከል ነገር ምን ጉዳት ያመጣል ብዬ ነበር የማስበው።

ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ደብተሩን ወደ ግራ እያዘነበለ ማንበብ ጀመረ። በቀኝ በኩል ያለ ነገር ይመታዋል፤ የበር መቃን፣ የወንበር ጠርዝ፣ የእህቱ ትከሻ። ሕመም የለውም፤ ዓይኑም አልቀላም። እንዲያውም እንደዚያ ሰሞን ዓይኑ አምሮ አያውቅም። አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ የግራ ዓይኑን በመዳፏ ሸፍና ጣቶቿን እንዲቆጥር ጠየቀችው። «እማዬ፣ መብራቱን ለምን አጠፋሽው?» አላት። መብራቱ በርቶ ነበር።

አዲስ አበባ ወስደን ባስመረመርነው ጊዜ የቀኝ ዓይኑ ግፊት 44 ሆኖ ተገኘ። የግራው 31። ጤነኛ የዓይን ግፊት በአብዛኛው ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ባለው መካከል እንደሆነ ያን ዕለት ነው ያወቅኩት። ምስልን ከዓይን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭ በቀኙ በኩል ከሞላ ጎደል አልቆ ነበር። ግላኮማ ይባላል፤ የሞተው ነርቭ ደግሞ በመድኃኒትም በቀዶ ሕክምናም አይመለስም። ግራውን ለማትረፍ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። ዶክተሯ ባዶውን ብልቃጥ ከእጄ ተቀብላ አገላብጣ አየችውና ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «መምህር፣ እንደ እርስዎ ልጅ ያለ ሕፃን ወደዚህ ሲመጣ የመጀመሪያው አይደለም» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያነበብኩትን፣ ሐኪሞችን እየጠየቅኩ የተረዳሁትን ነው አሁን የምጽፍላችሁ። እናንተ ይህን ከእኔ አብልጣችሁ ታውቃላችሁ። የምጽፈው ይህ ደብዳቤ በእናንተ በኩል አልፎ ሌላ አባት እጅ ቢደርስ ብዬ ነው።

ልጄን የያዘው በሽታ ቬርናል ኬራቶኮንጀንክቲቫይቲስ ይባላል። ሰው ሁሉ በአጭሩ «አለርጂ» ይለዋል። ሞቃትና ደረቅ አየር ባለባቸው አገሮች ይበዛል፤ ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ልጆችን ያጠቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር ዓመት በታች ጀምሮ በአፍላ ጉርምስና ማብቂያ ላይ ይበርዳል። የላይኛው ቆብ ሲገለበጥ ውስጡ በጠጠር የተነጠፈ መንገድ መስሎ ይታያል። ያ ጠጠር የመሰለ እብጠት ብርሃን የሚያስተላልፈውን መስታወት የሚመስል የዓይን ፊት እየፈተገ ሊያቆስለው ይችላል። ልጁ አብዝቶ ሲያሸውም ያው መስታወት ቅርጹን ስቶ እንደ ሾጣጣ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ሕክምና ያስፈልገዋል። «ያድግበታል» ተብሎ የሚተው በሽታ አይደለም።

ሕክምናው ግን በደረጃ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ፣ ባርኔጣ፣ አለማሸት፤ ከዚያ እንደ ክሮሞግላይኬት እና ኦሎፓታዲን ያሉ፣ ለወራት ቢጨመሩም ግፊት የማይጨምሩ ጠብታዎች። በሽታው በጣም ሲቆጣ ብቻ ስቴሮይድ ለአጭር ጊዜ ይሰጥና ቀስ በቀስ ይቀነሳል፤ ያውም ግፊቱ እየተለካ። ለጠናበት ደግሞ የስቴሮይድን ቦታ የሚተኩ ሳይክሎስፖሪን እና ታክሮሊመስ የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ። እኛ በደረጃው ከፍ ብሎ ያለውንና በጥንቃቄ የሚሰጠውን ስቴሮይድ የመጀመሪያና ብቸኛ መድኃኒት አድርገን ለሦስት ዓመት ያህል ጨመርነው።

ስቴሮይድ ብግነትን የሚያበርድ መድኃኒት ነው። ብግነት የሚሉት ሐኪሞቹ ናቸው፤ እናቶቻችን «ዓይኑ ተቆጣ» የሚሉት ያንኑ ነው። ኮርቲዞን የሚባለው የመጀመሪያው መድኃኒት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 አንዲት መገጣጠሚያዋ ታሞ መንቀሳቀስ ያቃታትን ሴት አስነስቶ እንዳስኬዳት ይነገራል፤ የደረሱበት ሊቃውንት ሁለት ዓመት ቆይተው የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ለዓይን ሕክምናም ትልቅ በረከት ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ግን ሌላ ጎኑ ታየ። በ1960ዎቹ በርናርድ ቤከር እና ማንሱር አርማሊ የተባሉ ሐኪሞች በጤነኛ ሰዎች ዓይን ላይ ጠብታውን ለሳምንታት እየጨመሩ ግፊቱን ለኩ። ሲሶ የሚሆኑት ሰዎች ግፊታቸው መጠነኛ በሆነ ደረጃ ጨመረ፤ ከመቶ አምስት የሚጠጉት ደግሞ እጅግ ከፍ አለባቸው። በዓይን ውስጥ ሳያቋርጥ የሚመነጨው ፈሳሽ የሚወጣበት ወንፊት የመሰለ መንገድ አለ፤ ስቴሮይድ ያንን መንገድ ያጠብበዋል። ምንጩ አይቆምም፤ መውጫው ይጠባል። ልጆች ላይ ይህ በበለጠ ፍጥነትና ኃይል ይደርሳል። ለረጅም ጊዜ ሲጨመር የዓይን ሞራም ያመጣል።

እነሆ ይህ ከታወቀ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔ ግን አላወቅኩም ነበር። ልጁን ያየው ባለሙያም ቢያውቅ አልነገረኝም።

እዚህ ላይ በቁጣ ተነስቼ «ይህ ጠብታ ከአገር ይጥፋ» ልል እችል ነበር። አንድ ሰሞን እንዲያ ነበር የማስበው። ያስተወኝ በአንድ ክፍል ጎን ለጎን የምናስተምር ባልደረባዬ ላይ የደረሰው ነው።

እርሷ ደግሞ አንድ ማለዳ አንድ ዓይኗ ቀልቶ መጣች። ዓይናር የለውም፤ አያሳክክም። ያማል። ብርሃን ሲነካው እንደ መርፌ ይወጋታል። ቅላቱ የበረታው በጥቁሩ ዙሪያ ነው። መድኃኒት ቤት ሄደች፤ የቴትራሳይክሊን ቅባት ሰጧት። ሁለት ሳምንት ቀባች። ቅባቱ ለባክቴሪያ ነው፤ የእርሷ በሽታ ግን ባክቴሪያ አልነበረም። ዩቪያይተስ ይባላል፤ ከዓይን ነጭ ሥር ያለው፣ ሲገፈፍ የጥቁር ወይን ፍሬ ስለሚመስል በላቲን ስሙን ከወይን የወሰደው የውስጠኛው ክፍል መቆጣት ነው። ወደ ሐኪም ስትደርስ የብሌኗ ጠርዝ ከኋላው ካለው ሌንስ ጋር ተጣብቆ፣ ክቡ ብሌን የተሸራረፈ መስሎ ነበር። በየሰዓቱ የሚጨመር ስቴሮይድ፣ ብሌኑን ከፍቶ የሚያላቅቅ አትሮፒን ታዘዘላት። ደረቷ በራጅ ታየ፤ ደሟ ተመረመረ፤ ምክንያቱም ይህ በሽታ አንዳንድ ጊዜ የሳንባ ነቀርሳ፣ የቂጥኝ ወይም የወገብ መገጣጠሚያ በሽታ ምልክት ሆኖ ይመጣል። በሁለት ወር ውስጥ ጠብታው በየሳምንቱ እየተቀነሰ አለቀ። በየቀጠሮዋ ግፊቷ ይለካ ነበር። ዛሬ በሁለቱም ዓይኗ ታያለች።

ልጄን ያሳወረው መድኃኒት የእርሷን ዓይን አዳነ። ልዩነቱ አንድ የመለኪያ መሣሪያና አንድ የቀጠሮ ወረቀት ነው። እንዲህ ዓይነት ሕመምተኞች፣ በተለይ ብግነቱ ወደ ዓይን ጀርባ የዘለቀባቸው፣ ያለ ስቴሮይድ ሊታወሩ ይችላሉ፤ አንዳንዶቹም እንደ ሜቶትሬክሴት ያለ ጠንከር ያለ መድኃኒት ለዓመታት ይወስዳሉ። እነርሱ ጠብታውን ፍለጋ ከከተማ ከተማ እንዲንከራተቱ የሚያደርግ እገዳ አልመኝም።

ሌላም ዓይነት መቅላት አለ። ሄርፐስ የሚባለው ቫይረስ በዓይን ፊት ላይ የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ ቁስል ያወጣል። በመከር ጊዜ አገዳ ወይም እሾህ ወግቶት ዓይኑ ላይ ፈንገስ የበቀለበት ገበሬ አለ። በእነዚህ ላይ ስቴሮይድ መጨመር እሳት ላይ ጋዝ እንደማርከፍከፍ ነው። ሕመሙ ለጊዜው ይቀንሳል፤ ቁስሉ ግን ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ማናቸውንም ከባንኮኒ ማዶ ሆኖ በዓይን ብቻ መለየት አይቻልም። ይህን የምለው የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎችን ዝቅ ለማድረግ አይደለም። ዶክተሯ ራሷ ልጄን ስታይ አገጩን መደገፊያው ላይ አስደግፋ፣ በማጉያ መሣሪያ፣ በቀጭን ብርሃን ነው የመረመረችው።

የተከበራችሁ ሆይ፣ እናንተ ሕዝብን ስለ ዓይን ማስተማር እንደምትችሉ በዓይኔ አይቻለሁ። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉ ሕፃናት 40 በመቶ የሚሆኑት ትራኮማ ነበረባቸው። ከዚያ ወዲህ በገጠር ስንት ቤት እየተዞረ አዚትሮማይሲን የተባለው ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት ታደለ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ፊት መታጠብን ከደጅ ደጅ እየዞሩ አስተማሩ፤ በወረንጦ ሽፋሽፍቷን ስትነቅል የኖረች አሮጊት ቆቧ በቀዶ ሕክምና ተስተካከለላት። እኔ ተወልጄ ባደግኩበት ገጠር ዛሬ ትራኮማ ዝንብና ንጽሕና ከማጣት ጋር እንደሚመጣ የማያውቅ እናት አላገኝም። ታዲያ ስለዚህች ትንሽ ብልቃጥ ማስተማር እንዴት ይከብዳችኋል?

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ከሁሉ በፊት የጠብታው ማሸጊያ ይናገር። ውስጡ የሚገባው ወረቀት በጥቃቅን የእንግሊዝኛ ፊደል ሞልቶ፣ እናት ከፍታ ስትጥለው ምን ይጠቅማል? ብልቃጡ ላይ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ እና ሌላም በሚነገርበት ሁሉ፣ በደማቅ ቀለም አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦ «ስቴሮይድ አለበት፤ ሐኪም ሳይከታተልና የዓይን ግፊት ሳይለካ አይጠቀሙ።» እስከዚያው ድረስ ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ወላጅ ቤቱ ያለውን ብልቃጥ ያንሳ። የእነዚህ መድኃኒቶች ስም አብዛኛውን ጊዜ በ«ዞን» ወይም በ«ሎን» ያልቃል፤ ዴክሳሜታዞን፣ ቤታሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ፍሉኦሮሜቶሎን። እንደኛ ቤት ከሌላ መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎም ሊሆን ይችላልና ሁለቱንም ስም ያንብብ። ካገኘው ደግሞ ደንግጦ በአንድ ጊዜ አያቋርጥ፤ ብግነቱ ተመልሶ ሊነሳ ይችላል። ብልቃጡን ይዞ ግፊት ወደሚለካበት ቦታ ይሂድ። ከዓረብ አገር ዘመድ የላከውም ቢሆን እንዲሁ ነው። የእኔ እህት ከጅዳ ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛልን የመጣችው ሦስት ብልቃጥ ያው ዴክሳሜታዞን ነበር፤ በፍቅር ነበር ያመጣችው።

ማዘዣውን በተመለከተ አዲስ ሕግ አያስፈልገንም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ፤ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱም ተቆጣጣሪዎች አሉት። ቁጥጥሩ ሲወጣ ይህችን ብልቃጥ ለይቶ ይጠይቅ፤ ስንት ገባ፣ ስንት በማዘዣ ወጣ። ነገር ግን ባለሙያውን በቅጣት ብቻ ብታስፈራሩት በቂ አይሆንም፤ ምክንያቱም ዓይኑ እያሳከከው የሚያለቅስ ልጅ ይዛ የመጣችን እናት ባዶ እጇን መመለስ አይችልም። በእጁ የሚሰጠው ሌላ ነገር ይኑረው። እኛ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የታዘዘልንን ኦሎፓታዲን ለማግኘት አዳማ ውስጥ ስድስት መድኃኒት ቤት ዞርኩ፤ ስድስቱም ዘንድ ግን ስቴሮይዱ ነበር። ሳይክሎስፖሪን ጠብታማ አዲስ አበባም ወረፋ ጠብቄ ነው ያገኘሁት። የማይጎዳው መድኃኒት ብርቅ፣ የሚጎዳው ርካሽና በየመደርደሪያው ሞልቶ እስካለ ድረስ ባለሙያው የትኛውን ያንሳ?

ግፊት መለኪያው ደግሞ ወረዳ ድረስ ይውረድ። በእጅ የሚያዝ አለ፤ ለመጠቀም ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ የሠለጠነ ነርስ ይበቃዋል።

ለትምህርት ቤቶችም አንድ ቃል። በብዙ ትምህርት ቤት ባርኔጣ ግቢ ውስጥ ክልክል ነው። እኔም ለዓመታት የተማሪዎቼን ኮፍያ እየነጠቅኩ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ስከት ኖሬአለሁ። አሁን በክፍሌ ካሉት ልጆች መካከል ዓይናቸው በጥቁሩ ዙሪያ ቡናማ የሆነ፣ ሰልፍ ላይ ፀሐዩን ሸሽተው ከጓደኛቸው ጀርባ የሚደበቁ አራት ልጆች ለይቻለሁ፤ ሁሉም ወንዶች ናቸው። ወላጆቻቸውን ጠርቼ ጠየቅኩ። ከአራቱ የሦስቱ ቤት ያች ብልቃጥ አለች። ሁለቱን ለማስመርመር ልከናል፤ የአንዱ ግፊት 28 ሆኖ ተገኝቷል፤ ነርቩ ገና አልተጎዳም። ሦስተኛው አባት የቀን ሠራተኛ ነው፤ ለአዲስ አበባው ጉዞ መምህራኑ ገንዘብ እያዋጣን ነው። ኮፍያዎቹን መልሼላቸዋለሁ።

ልጄ ደህና ነው። በግራ ዓይኑ ያነባል፤ ኳስ ግን ከቀኝ በኩል ስትመጣ ስለማያያት በረኛ መሆን ትቷል። የግራው ግፊት በየሦስት ወሩ ይለካል፤ ቀጣዩ ቀጠሮ ጥር ላይ ነው። ባለቤቴ አሳይታ ለመግዛት እንዲያመቻት ያስቀመጠቻቸው ባዶ ብልቃጦች እስካሁን ቤት አሉ፤ ቆጥሬአቸዋለሁ፣ አሥራ ሰባት ናቸው። የመሥሪያ ቤታችሁ ሠራተኛ ማየት ከፈለገ በተጠራሁበት ቀን ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ ልጅ አባትና መምህር
አዳማ